ከአስካለ ወገን ማን ይቁም

መምህርት አስካለ ይህን ለማንም ነግራ አታውቅም። ጎረቤቷ እትዬ ዘሃራ ከመስኮቷ ፊት ቆርቆሮ ያቆሙ ጊዜ «ፀሐይ ከለከሉኝ» ብላ ለደሴ ሰው ሁሉ አወራች። የቀረባት ግን ፀሐይ አልነበረም። ከጓሯቸው የሚመጣው ሳቅ ነው፤ ልብስ ሲያሰጡ የሚነታረኩት እህትማማቾች ልጆቻቸው፣ አንዷ ተጠርታ ሌላዋ «አቤት» የምትልበት ግርግር። አስካለ አንዲት ነገር ብቻ ፈለገች፤ ቆርቆሮው እንዲነሳ።

አናጢውን ሰይድን ንቀልልኝ አለችው። እሱም ያቆምኩት በእትዬ ዘሃራ ቃል ነው፣ እሳቸው ካልፈቀዱ አልነቅልም አለ። ሰይድ አይነቅል፣ ቆርቆሮው አይነሳ፣ አስካለ መስኮቷ ሥር ብቻዋን።

ፊት ለፊት መናገር አፍራ ቆርቆሮው ይነሳልኝ ብላ ለእትዬ ዘሃራ ደብዳቤ ጻፈች። እሳቸውም እኔ ፍርድ ቤት አልመላለስም፣ ከፍርድ ቤት ውጭ የሚገላግለን ጠበቃ ፈልጊ፣ እሱ ሳይዳኘን አልፈቅድም ብለው ላኩባት። እትዬ ዘሃራ አይፈቅዱ፣ ሰይድ አይነቅል፣ ቆርቆሮው አይነሳ፣ አስካለ መስኮቷ ሥር ብቻዋን።

ጠበቃ ፍለጋ ወጣች። አንዱ እኔ የምወደው ሙግት ነው አላት፤ የሌላው ቢሮ ልብስ ስፌት ሆኖ ቆያት። በሦስተኛው ቀን አቶ ይመርን አገኘች። ግልግል ደንብ አለው አሏት፤ እያንዳንዱ ወገን አንድ ሰው ይመርጣል፣ እኔ ሰብሳቢ ሆኜ ሦስት እንሆናለን፣ ሰው ካላመጡ አልቀመጥም። አቶ ይመር አይቀመጡ፣ እትዬ ዘሃራ አይፈቅዱ፣ ሰይድ አይነቅል፣ ቆርቆሮው አይነሳ፣ አስካለ መስኮቷ ሥር ብቻዋን።

ቤቷ ገብታ ስልኳ ላይ ያሉትን ስሞች አየች። ክሊኒኩ፣ ጋዝ ሻጩ፣ የሞተች እህቷ። ሠላሳ ዓመት አስተምራ ከጎኗ የሚቆም አንድ ስም አጣች። ወገን አይገኝ፣ አቶ ይመር አይቀመጡ፣ እትዬ ዘሃራ አይፈቅዱ፣ ሰይድ አይነቅል፣ ቆርቆሮው አይነሳ፣ አስካለ መስኮቷ ሥር ብቻዋን።

ሳምንት ቆይታ ጠበቃው ዘንድ ተመለሰች።

«ከእርስዎ ወገን ማን ብዬ ልጻፍ?»

«እትዬ ዘሃራን» አለች ወለሉን እያየች።

አቶ ይመር ብዕራቸውን አስቀመጡ። «እሳቸው እኮ ባላጋራዎ ናቸው።»

«ሌላ ሰው አላውቅም።»

እትዬ ዘሃራ ተደውሎላቸው መጡ። የሆነውን ሲሰሙ መጀመሪያ ሳቁ። «ካንቺ ወገን ከቆምኩ ታዲያ ማን ይሟገትሽ?» አሉ። ከዚያ ሳቁ ጠፋ። «በመስኮት ዝም ብለሽ ስታዪን ልጆቼን የናቅሽብኝ መስሎኝ ነው የከለልኩት፣ አስኩዬ።»

አስካለ አይደለም ስትል ራሷን ነቀነቀች።

እንግዲህ ወገን ተገኘ፣ አቶ ይመር ተቀመጡ፣ እትዬ ዘሃራ ፈቀዱ፣ ሰይድ ነቀለ፣ ቆርቆሮው ተነሳ።

በማግስቱ ጧት አስካለ መስኮቷን አልከፈተችም። ፀጉሯን አበጠረች፣ ነጠላዋን ለበሰች፣ አጥሩን ዞራ ሄዳ የእትዬ ዘሃራን በር አንኳኳች።