ዝንጀሮና የወረርሽኙ መርዶ

ድሮ፣ ስሙ በተረሳ አንድ ገደላማ አገር፣ በአራዊት ላይ የሳል ወረርሽኝ ገባ። ሽማግሌዎቹ "ሁሉም በየጉድጓዱ ይክተት" አሉ። መክተቱ ደግ ነበር፤ በሽታው ቀልድ አልነበረም። ክፋቱ፣ ወሬ የሚያመላልሰው አያ ዝንጀሮ ብቻ ሆነ።

አያ ዝንጀሮ መሥራት አይወድ፣ በልቶ አይጠግብ። አንድ ጠዋት እመት ጃርት ደጃፍ ቆመ።

"አትውጡ፣ አታልቅሱ፣ እኔን ብቻ ስሙ! እመት ጃርት፣ ጠንከር በይ። ማዶ ያለችው እህትሽ ዐረፈች።"

"ውይ እህቴን! ልሂድ፣ ልቅበራት!"

"ተቀብራለች። ይልቅ ለሰልስቷ የሚሆን ስጪኝ፤ እኔ አደርስልሻለሁ።"

ጃርት የክረምት ስንቋን፣ ሽምብራውንም ድንቹንም አውጥታ ሰጠችው። ሞኝ! ሆዳም የሰው ስንቅ ሲያደርስ ማን አይቷል? ከቋጥኙ ጀርባ ተቀምጦ ጠረገው።

ጃርት ግን እህል አልወርድ አላት፤ እንቅልፍም ራቃት። ቅጠል ኮሽ ባለ ቁጥር "ሞት መጣ" እያለች ትርበተበታለች። ጡቷ ደረቀ፤ ልጇም ከስቶ ማልቀስ እንኳ አቃተው። ዝንጀሮ ይህን እያየ ተመልሶ መጣ።

"አትውጡ፣ አታልቅሱ፣ እኔን ብቻ ስሙ! ለአርባዋስ?"

"ምንም የለኝም፣ አያ ዝንጀሮ። ልቤ ሊፈነዳ ነው፤ አንድ ጊዜ ላልቅስላት።"

"ካለቀስሽ በሽታው በአፍሽ ይገባል!"

"ይግባ!" አለች ጃርት። በዚያ አገር ለእህት ሙሾ አለማውረድ ከሞት የከፋ ነውር ነበር። ብቻዋን ገደሉ አፋፍ ላይ ወጥታ፣

"እህቴ ሸጋዋ፣ እሾኸ ረጅሟ፣
ሳልቀብርሽ ቀረሁ፣ እኔ አቅመ ደካማ!"

ብላ አወረደችው።

ከማዶ ድምፅ መጣ። "ኧረ ቱ በይ! ማንን ነው የምታለቅሺው?"

"እህቴን!"

"እህትሽ እኔ አይደለሁ እንዴ? እኔ ነኝ እንጂ ላንቺ ሰልስት የላክሁት!"

"በማን?"

"በአያ ዝንጀሮ!"

ይህን የሰሙ አራዊት ከየጉድጓዳቸው አንገታቸውን ብቅ እያደረጉ ተጠራሩ። ለካ በዚያ አገር ያልተቀበረ አልነበረም! አንዱ ሟች ሌላውን ሟች "እንዴት አደርክ?" አለው። ያን ለት ጃርት እህል ቀመሰች፤ ውላ አድራ ወተቷ ተመለሰ፣ ልጇም ጠባ።

ዝንጀሮ ወሬው አልደረሰውም። በነጋታው ሆዱን እያሻሸ የእመት ጃርትን ደጃፍ አንኳኳ።

"ማነው?"

"እኔ ነኝ፣ አያ ዝንጀሮ!"

"ውይ፣ እሱማ ዐርፏል! ሙሾውንም አውርደንለታል።"

"አለሁ እኮ! ራበኝ!"

"ነፍስ ይማር!"

ወደ ሌላው ደጃፍ ቢሮጥ፣ እዚያም "ነፍስ ይማር!" አሉት። በቁሙ ሞቶ፣ ያለ ሰልስትና ያለ አርባ ባዶ ሆዱን ታቅፎ ቀረ።

ልጆቼ፣ እኔ እዚህ ላይ ላብቃ፤ እናንተ ይህችን ያዙ፦ በሽታ የማረውን ወሬ ቀበረው።