እስከ ወገቡ ሰም የሆነው ጧፍ

ተረት ተረት!

የላም በረት አላችሁ? ይሁን፤ እሱም ደግ ነው። የዛሬው ግን ሌላ መልስ አለው። አያቴ ይህን ተረት ስትጀምር «የጧፍ መብራት» በሉኝ ትለን ነበር። እስቲ እንደገና። ተረት ተረት!

የጧፍ መብራት!

እንግዲህ ስሙኝ። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልናገር፤ ኋላ እንዳትወቅሱኝ። ይህን ከአያቴ ከሰማሁ ብዙ ዘመን ሆኖኛል። የወንዙን ስም ረስቼዋለሁ። የሴትዮዋ ቀፎ ሰባት ይሁን ዘጠኝ፣ እንጃ። ያጎደልኩት ካለ እግዜር ይሙላው፤ የጨመርኩት ካለም ይቅር ይበለኝ። ጅቡ የተናገረውን ግን አልረሳሁም።

በድሮ ዘመን፣ በአንድ ተራራ ጫፍ ላይ፣ ትርንጎ የምትባል ባልቴት ነበረች። ንብ ታረባለች። ከማሩ ሰም ታወጣና ጥጥ ፈትላ ጧፍ ትሠራለች። ጧፏም ወንዝ ማዶ ላለችው ለትንሿ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ነበር። እዚያ አባ ወልደ ሥሉስ የሚባሉ ካህን ነበሩ።

ታዲያ ያ ወንዝ ክፉ ነው። በበጋ ልጅ ይሻገረዋል። ክረምት ሲገባ ግን ሦስት ወር ሙሉ ሰውን ከሰው ይለያል። ስለዚህ አባ በየዓመቱ ክረምቱ ሳይገባ ትርንጎን ይጠሯታል። ከዚያም እንዲህ ይሏታል፦ «ትርንጎ፣ ወንዙ ከዘጋኝ መንደሩ ያንቺ አደራ ነው። ሕፃን ታሞ ሞት ቢያሰጋው ውኃ አፍስሰሽ አጥምቂው። ቃሉን አትርሺ።»

ትርንጎም ለሁለት ሕፃናት አፍስሳ ታውቃለች። አንዱ አድጎ በሬ ጠምዷል፤ አንዷን እግዜር ወስዷታል።

ይህች ትርንጎ የሻረግ የምትባል አንዲት ልጅ ነበረቻት። የሻረግ አገባችና ሁለት ጊዜ አረገዘች፤ ሁለቱም ጊዜ ጨነገፈባት። ሦስተኛውን ስታረግዝ ትርንጎ እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ ተሳለች፦ «ጌታዬ፣ ይህ ልጅ እያለቀሰ ከወጣልኝ በቁመቴ ልክ ጧፍ አገባለሁ። ከራሴ እስከ እግሬ፣ ንጹሕ ሰም!»

ልጅቱ እያለቀሰች ወጣች። ኧረ ጩኸቷ! የጎረቤት ዶሮ ሁሉ ከቆጥ ወረደ።

እንግዲህ ስለቱ መግባት አለበት። በዚያ ዓመት ግን ንቦቹ ጥለዋት ሄደዋል። ዝናብ ዘግይቶ አበባ የለም፤ ቀፎው ባዶ ነው። ያላትን ሰም ሁሉ አቅልጣ ፈትሉ ላይ ብታፈስ ጧፉ ወገቧ ጋ ቆመ። ለካችው፤ ወገቧ ነው። ደግማ ለካችው፤ ያው ወገቧ ነው። ትንሽ ጎንበስ ብላም ለካችው።

ከዚያም ማንም ሳያያት የበሬ ሞራ አወጣች። ድስቱ ላይ ከቀረው የሰም ትራፊ ጋር አቀለጠችና ከወገብ በታች ያለውን በእሱ ጨረሰችው። ከላይ ሰም፣ ከታች ሞራ። ጠቀለለችና በነጭ ጨርቅ ሸፈነችው።

ጎረቤቷ ማንጠግቦሽ መጣች። አፍንጫዋን ወዲያ ወዲህ አለች።

ማንጠግቦሽ፦ «አንቺ ትርንጎ፣ ሳትጠሪኝ ምን ጠብሰሽ ነው?»

ትርንጎ፦ «ምንም። ጧፍ ነው።»

ማንጠግቦሽ፦ «የዘንድሮ ንብ ሥጋ መብላት ጀመረች እንዴ?»

ሳቀችና ሄደች። ትርንጎ ግን አልሳቀችም።

ሳምንት ሳይሞላ ሕፃኗን ትኩሳት ያዛት። ጡት እምቢ አለች። ያ ጩኸቷ ቀነሰ፣ ቀነሰና እንደ ጫጩት ሲጥ ሲጥ ብቻ ሆነ። አባትየው እህል ሊያመጣ ቆላ ወርዷል። ቀኑ ቅዳሜ ነበር። የሻረግ የእናቷን ቀሚስ ያዘች።

የሻረግ፦ «እማዬ፣ አጥምቂልኝ። ምን ትጠብቂያለሽ? ውኃው ይኸው።»

ትርንጎ እጇን ከጀርባዋ ደበቀች። «አልችልም።»

የሻረግ፦ «ለሰው ልጅ ስታፈሺ ኖረሽ ለልጄ ሲሆን እምቢ?»

ትርንጎ፦ «አይደለም ልጄ፣ አይደለም። አባን ልጥራ። ወንዙ ገና አልሞላ ይሆናል።»

በሆዷ ግን እንዲህ ትላለች፦ «ጌታን በሞራ ያታለልኩት በዚህ እጄ ነው። በዚህ እጄ ባፈስባት እዚሁ ትሞትብኛለች። ቅጣቱ የእኔ ነበር፤ ለእሷ ተረፈ።»

ከዚያም ጧፉን አነሳች። በሸክላ ስባሪ ፍም አድርጋ አመድ አለበሰችው። በዚያ አገር የስለት ጧፍ የሚበራው ከተሳለው ሰው ምድጃ በወጣ እሳት ነው። የሚበራውም ታቦቱ ፊት ነው። በመንገድ ማብራት ነውር ነው፤ ለእግዜር የሰጡትን መልሶ መስረቅ ነው ይባላል። ማንጠግቦሽ ከየሻረግ ጋር ቀረች፤ ትርንጎ ቁልቁለቱን ወረደች።

ስትደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። ወንዙም ሞልቷል። ድንጋይ ያንከባልላል፤ ግንድ ይዞ ይሄዳል። ቤተ ክርስቲያኗ ማዶ ከዳገቱ ላይ ትታያለች።

«አባ! አባ ወልደ ሥሉስ!» ብላ ጮኸች። ድምፅዋን ወንዙ ዋጠው። ደግማ ጮኸች። አሁንም ዋጠው። ከዚያም ጨለመ።

ከኋላዋ አንድ ነገር ተነፈሰ። ዞር ብትል አያ ጅቦ ነው።

ጅቡ፦ «እንደምን አመሸሽ፣ ትርንጎ?»

ትርንጎ፦ «ስሜን ማን ነገረህ?»

ጅቡ፦ «የላከኝ ነዋ።»

ትርንጎ፦ «ማን ላከህ?»

ጅቡ፦ «እንኳን እኔ፣ አንቺም ታውቂዋለሽ። ስለት ሞራ ሲሆን ሽታው የት ድረስ እንደሚሄድ ታውቂያለሽ? ላይ ደርሷል። ላይ ያሉት ሁሉ አፍንጫቸውን ያዙ። ከዚያም፣ አያ ጅቦ ሂድና ያን ጧፍ ተቀብለህ ና አሉኝ።»

ትርንጎ፦ «ልጅቱስ?»

ጅቡ፦ «እሷማ አለቀላት። ጧፉን ወርውሪልኝና ቤትሽ ገብተሽ አልቅሺ።»

ትርንጎ እውነት መሰላት። ለምን አይመስላት? ራሷ በሆዷ ስትለው የቆየችውን ነው ጅቡ የነገራት። ጧፉን ከጨርቁ ፈታችው። ልትወረውረው እጇን አነሳች። በዚህ ጊዜ የሕፃኗ ድምፅ በጆሮዋ መጣባት፤ ሲጥ፣ ሲጥ። እጇ አየር ላይ ቀረ።

ከዚያም እንዲህ አለች፦ «ጌታዬ፣ ፈርቻለሁ። ይህ አውሬ እውነቱን ይሁን ውሸቱን አላውቅም። የምትቀጣኝ ከሆነ ራስህ ቅጣኝ፤ ለጅብ አትስጠኝ። ሌላ የምጠጋበት የለኝም።»

ስባሪውን እፍ አለችው። ፍሙ ቀላ። ጧፉን ለኮሰችው።

ጅቡ ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ኋላ ዘለለ። «ኧረ ምነው! የእግዜርን ጧፍ በመንገድ? ወይ ድፍረት! ይኼማ ሁለተኛ ኃጢአት ነው!»

ትርንጎ ጧፉን ከፍ አድርጋ፦ «እሱን ለራሱ እነግረዋለሁ» አለችው።

ወዲያ ማዶ ደግሞ አንድ ፋኖስ ቁልቁል መጣ። አባ ወልደ ሥሉስ ናቸው። ከደጅ ሆነው ብርሃኗን አይተው ነው የወረዱት። ወንዙ እዚያ ጋ ጠባብ ነው፤ ዳርና ዳር ሆነው ቢጯጯሁ ይሰማማሉ።

አባ፦ «ማነሽ አንቺ?»

ትርንጎ፦ «ትርንጎ ነኝ አባ! ሕፃኗ ልትሞትብኝ ነው! ይምጡልኝ!»

አባ፦ «በምን ልምጣ? ክንፍ የለኝ! ለምን አላጠመቅሻትም?»

ትርንጎ ባዶ እጇን ከጀርባዋ ደበቀች።

አባ፦ «ትርንጎ! ለምን?»

ትርንጎ፦ «እጄ፣ አባ! እጄ ሞራ ነው!»

ንስሐ በጆሮ ነው የሚነገረው። ትርንጎ ግን ኃጢአቷን ወንዙ እስኪሰማ ጮኸችው። ሰሙ እንዳነሰ፣ ሞራ እንደጨመረች፣ በነጭ ጨርቅ እንደሸፈነች። ጅቡም ቁጢጥ ብሎ ያዳምጣል።

አባ፦ «ጨረስሽ?»

ትርንጎ፦ «በመንገድም አበራሁት!»

አባ፦ «ሌላስ?»

ትርንጎ፦ «ስለካውም ጎንበስ ብያለሁ!»

አባ ሳቃቸው መጣ፤ ግን ዋጡት። ከዚያም እንዲህ አሏት፦ «እንግዲህ ስሚኝ። ንቧንም በሬውንም የፈጠረ አንድ ነው። ኃጢአትሽ ሞራው አይደለም፤ ሸፍነሽ ሰም ነው ማለትሽ ነው። እሱንም ይኸው ገለጥሽው። እግዚአብሔር ሰም አነሰኝ ብሎ ሕፃን የሚገድል ይመስልሻል?»

ትርንጎ፦ «እንጃ አባ! ፈራሁ!»

አባ፦ «ፍሪ! ማን አትፍሪ አለሽ? እየፈራሽ እመኚ! ንስሐሽም ይኸው ነው፤ ተመለሺና በዚያው እጅሽ አጥምቂያት።»

ትርንጎ፦ «በዚህ እጄ?»

አባ፦ «በዚያው እጅሽ! ሌላ እጅ ከየት ታመጫለሽ?»

ከዚያም በወንዙ ላይ እጃቸውን ዘርግተው የይቅርታውን ቃል ሰጧት፤ በመስቀላቸውም ባረኳት።

ትርንጎ ዳገቱን ያዘች። ጧፉ ይነድዳል። እሷ ትሮጣለች፣ እሱ ያጥራል። ጅቡ ከኋላ ከኋላ ይመጣል። ከዳገቱ ግማሽ ስትደርስ ጧፉም ግማሹ አለቀ።

ጅቡ፦ «ትርንጎ፣ ሰሙ አለቀ። የቀረው የእኔ ድርሻ ነው።»

እውነትም ነበልባሉ ሞራው ጋ ደረሰ። ቻ! አለ። ጠቆረ። ጭሱ ዓይኗን አቃጠላት። እሳቱ ትንሽ፣ የስንዴ ፍሬ የምታህል ሆነ። ጅቡ ጥላዋን እስኪረግጥ ተጠጋ። ትርንጎ ነበልባሉን በእጇ ከለለችው። ሌላው ጸሎት ሁሉ ጠፍቶባት «ማረኝ፣ ማረኝ» ብቻ አለች።

ነበልባሉ ተንፈራገጠ። ከዚያም ቀና አለ። ሸተተ እንጂ አልጠፋም። ሞራውም በራ።

ትርንጎ ቆመች። ዞር ብላ ጧፉን ወደ ጅቡ ፊት አስጠጋችው።

ትርንጎ፦ «አያ ጅቦ፣ እውነቱን ተናገር። ማን ላከህ?»

ጅቡ ፊቱን አዞረ። «እንግዲህ ከጠየቅሽኝ፣ ሆዴ ነው የላከኝ። ሞራው ሸቶኝ ከዚያን ቀን ጀምሮ ከጓሮሽ አድብቻለሁ። ስምሽንም ያቺ ቀልደኛ ጎረቤትሽ ስትጠራሽ ሰማሁ። ላይማ የማውቀው ሰው የለኝም።»

ትርንጎ፦ «እኔ የእግዜር መልእክተኛ መስለኸኝ!»

ጅቡ፦ «ብዙ ሰው ይመስለዋል» አለና እያነከሰ ወደ ጫካው ገባ።

ቤት ስትደርስ የጧፉ ቁራጭ ጣት አያክልም። ሕፃኗ ዓይኗን ጨፍናለች።

የሻረግ፦ «አባስ?»

ትርንጎ፦ «ወንዝ ማዶ ናቸው። ውኃውን አምጪ።»

ጧፉን ለማንጠግቦሽ አስያዘቻት። ማንጠግቦሽ አሸተተችው። ትርንጎንም አየቻት። ቀልዷን ትታ በሁለት እጇ ያዘችው።

ትርንጎ እጇን አየችው። ያው እጅ ነው። ከዚያም ውኃውን ዘገነች፦ «ወለተ ማርያም፣ በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ስም አጠምቅሻለሁ» ብላ ሦስት ጊዜ አፈሰሰችባት። ግማሹ ውኃ መሬት ላይ ሄደ። የቀረው ግን ደረሰ።

ጧፉም እዚያው አለቀ። ቤቱ ጨለመ። ሦስቱ ሴቶች በጨለማው ተቀምጠው የሕፃኗን ትንፋሽ ማዳመጥ ጀመሩ። ትንፋሿ ይመጣል፤ ይቆማል። ሲቆም እነሱም ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። እንደገና ይመጣል። እሑድ እንዲሁ ዋለች፣ እንዲሁ አመሸች። ትርንጎም ከእግሯ ስር አልተነሳችም፤ መፍራቷንም አላቆመችም፤ መጸለይዋንም አላቆመችም።

ሰኞ ጠዋት ሕፃኗ ጡት ያዘች። ትንሽ ጠባች። ከዚያም አንድ ጊዜ ጮኸች፤ የማንጠግቦሽ ዶሮ ከቆጥ ወረደ።

በዚያው ሰኞ አንድ የጨው ነጋዴ በመንደሩ ሲያልፍ ይህን ሰማና ወሬውን እስከ አያቴ አገር ይዞት መጣ። ከዚያ ወዲህ የመጣ ወሬ የለም። እኛ ልጆቹ ግን አናስተኛትም ነበር። «አያቴ፣ ከዚያስ? አደገች? ዳነች?» እንላታለን። አያቴም ጋቢዋን ሰብሰብ አድርጋ እንዲህ ትለን ነበር፦

«እኔ የሰማሁት እስከ ሰኞ ነው። ማክሰኞን ለእግዜር ተውኩት።»

ተረቴን አብሩ፤ ለአፌም ቁራሽ ቸሩ።