ማር ጣት

ማር ጣት የምትባለው መንደር ስሟን ያገኘችው ከንብ አናቢዎች የሚመስለው መንገደኛ ብዙ ነው፤ በመንደሯ ግን አንድም ቀፎ የለም። ስሙ የመጣው ከስንዴ ነው። በዚያ አገር ዛሬም አዲስ ዘር ማሳ ከመግባቱ በፊት አንድ ሰው አውራ ጣቱን ማር ውስጥ ነክሮ እፍኝ ዘር ላይ ያሳርፋል፤ ይህ ካልተደረገ ከብት እንኳ በማሳው አጠገብ ሲያልፍ ፊቱን ያዞራል ይባላል።

እንደሚነገረው፣ ነገሩ የተጀመረው አያ ጓንጉል በሚባሉ ገበሬ ነው። ጥርጣሬያቸው የበዛ ከመሆኑ የተነሳ የገዛ ጥላቸውን «ከኋላዬ ምን ትፈልጋለህ?» ይሉት ነበር አሉ። ዋግ የሚሉት፣ ስንዴን እንደ ዝገት የሚያቀላ በሽታ ሁለት ዓመት አከታትሎ ማሳቸውን ስለበላው፣ የዚያ ክረምት አዝመራ ከከሸፈ ቤታቸውን ዘግተው መሰደዳቸው ነበር።

በዚህ መሀል እማዋይሽ የተባለች የሰብል ባለሙያ ዋግ የማይደፍረው ስንዴ ነው ብላ አንድ ከረጢት ይዛ መጣች።

«ዘሩ ምንድን ነው?» አሉ አያ ጓንጉል።

«ዲቃላ ነው፣ አባባ።»

ሁለት ዓይነት ስንዴ አዳቅላ ያገኘችው ነው ማለቷ ነበር፤ እሳቸው የሰሙት ግን በየሰርጉ ሰው የሚያጋድለውን ስድብ ነው።

«አባቱስ ማነው?»

«ከሩቅ አገር የመጣ ስንዴ ነው። ስም የለውም፤ ቁጥር ነው ያለው።»

«እስረኛ ነዋ! እናቱስ?»

«የእናንተው ነጭ ስንዴ ናት። ከአበባዋ ወንዴውን በመቆንጠጫ ለቅሜ አወጣሁና የሩቁን ብናኝ ነሰነስኩባት።»

«ሰማችሁ? ባሏን ሰልባ ለእስረኛ ድራታለች! ያውም ሽማግሌ ሳይላክ!»

ሚስታቸው ወይዘሮ ሸጊቱ ሳቋን በነጠላዋ አፍና፣ «አንተ ሰው፣ ልጁ ምን አጠፋ? ረሃብ እንደሆን የአባት ስም አይጠይቅም። በጡት ልጅነት ውሰደው» አለች።

በአገሩ ልማድ የሰው ልጅ ወስዶ የሚያሳድግ አውራ ጣቱን ማር ቀብቶ ያጠባዋል፤ ከዚያ ወዲያ ልጁን ዲቃላ የሚል ሰው ዱላ ይገባዋል። ስንዴ አፍ የለውም ብለው የተከራከሩ ነበሩ፤ የመንደሩ ሽማግሌዎች ግን ብዙ ካሰላሰሉ በኋላ «አፍ ባይኖረው ዝናቡን በምን ይጠጣው ነበር?» ብለው ፈረዱ። አያ ጓንጉልም ዘሩን በጎሪጥ እያዩ ጣታቸውን ነከሩ፤ ሙሉ በሙሉ ስላላመኑ ግን ግማሹን ማሳ የአባታቸውን ስንዴ ዘሩበት።

መስከረም ሲጠባ ዋግ ወረደ። የአባታቸው ስንዴ ቀልቶ ተኛ፤ የጡት ልጁ እንደ ጦር ቆመ። በዚያ ያለፈ አንድ ጎረቤት ተገርሞ፣ «አይ ዲቃላው! ጸና እኮ!» ቢል፣ አያ ጓንጉል ዱላቸውን ይዘው ተነሡ።

«ማንን ነው ዲቃላ የምትለው? አባቱ እዚህ ቆሞ!»

በዚያ ዓመት ከቤታቸው የተሰደደ የለም ይባላል። ከዚያ ወዲህ ጣት እንዲነክር የሚመረጠው ከሁሉ ይበልጥ የተጠራጠረው ሰው ሲሆን፣ የተረፈው ማር የእሱ ነው። ስለዚህ ባለሙያ ከረጢት ይዞ ብቅ ባለ ቁጥር መንደሩ በአንድ ድምፅ «አላምንም!» ይላል። ሕዝቡ ክፉ ስለሆነ ነው የሚሉ አሉ፤ ማሩን ያልቀመሱ ናቸው።