ቀድማ ያረፈችው አውሮፕላን

«ብቻውን የሚበር አንድ ሰው ነበረ» አሉ መምህር ወልደሰንበት።

ይህን ያሉት ተጠይቀው ነው። ጠያቂው ተካልኝ ይባላል። የቀድሞ ተማሪያቸው ነው፤ ዘንድሮ የአንድ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ሆኗል። በየስብሰባው የምትቃወመው አንዲት መምህርት አለች። «ምክትሌም ሌሎቹም በሐሳቤ ይስማማሉ፤ እሷ ብቻ ናት የምትከራከረኝ። ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ላዛውራት ወይስ ልታገሣት?» ብሎ ምክር ሊጠይቃቸው መጣ። እሳቸው ግን አዛውርም አታዛውርም ሳይሉ ስለ አብራሪው ጀመሩ።

ሰውየው በአንዲት ትንሽ አውሮፕላን ተራራ ወደ ከበባቸው ከተሞች መድኃኒትና ሕመምተኛ ያመላልሳል። በትልልቆቹ አውሮፕላኖች አንዱ ሲያበር ሌላው ካርታ ያነባል፤ አንዱ ሲሳሳት ሌላው «ቆይ!» ይለዋል። ይህ ሰው ግን «ቆይ» የሚለው አልነበረውም። ስለዚህ ታብሌት ገዛ።

ታብሌቱ ካርታውን ሁሉ ይዟል። በደመና ውስጥ መሬት ሳይታይ ወደ ማረፊያ ሜዳው የሚወረድበትን መንገድ በመስመር ይሥላል፤ በመስመሩ ላይ አንዲት ትንሽ ሰማያዊ አውሮፕላን ትሄዳለች። አብራሪው ያለበትን የምታሳየው እሷ ናት። ደግሞም መሬት ላይ ተቀምጦ ጉዞውን አስቀድሞ ሊለማመድበት ይችላል። ያን ጊዜ ትንሿ አውሮፕላን ያለ ሞተር፣ ያለ ነፋስ፣ በራሷ ትበርና በራሷ ታርፋለች። ሰውየው ይህን ወደደው። ከመነሣቱ በፊት ምንጊዜም አንድ ጊዜ በታብሌቱ ሄዶ ይመለሳል። ልማዱ በራሱ መልካም ነበር።

በአውሮፕላኑ መቆጣጠሪያ ላይ ደግሞ፣ ክብ መስተዋት ውስጥ፣ አንዲት ነጭ መርፌ ነበረች። መርፌዋ ከሜዳው የሚላክላትን ምልክት ትቀበላለች። መንገዱን የያዘ ሰው መሐል ላይ ቆማ ያገኛታል፤ የሳተ ሰው ወደ ጎን ሸሽታ ያገኛታል፤ ወደ ሸሸችበት መዞር ነው። አንድ ቀን መርፌዋና ታብሌቱ ሳይስማሙ ቀሩ። ሰውየው የተሳሳተው የትኛው እንደ ሆነ አላጣራም። አንዷ ትነዘንዘዋለች፣ ሌላው ያረጋጋዋል፤ የምትነዘንዘው ላይ ወረቀት ለጠፈባት።

በክረምት አንድ ጠዋት፣ ዓይኗን ታክማ ወደ አገሯ የምትመለስ አንዲት ባልቴት እንዲያደርስ ተነገረው። እስክትመጣ ድረስ እንደ ልማዱ ታብሌቱን ከፍቶ ተለማመደ። ትንሿ አውሮፕላን ወደ ሜዳው ከሚያወርደው መስመር አፍ ላይ እንደ ደረሰች ባልቴቷ አንድ ዓይኗ በፋሻ ተሸፍኖ መጣች። ሰውየው ልምምዱን ባለበት አቆመው። አቆመው እንጂ አላጠፋውም።

«ብቻህን ነህ እንዴ?» አለችው ቀበቶዋን ሲያስርላት።

«ብቻዬን ነኝ፣ እማማ።»

«ኧረ ተወኝ! አውቶቡስ እንኳ ረዳት አለው!»

ሳቀ። ታብሌቱን ጭኑ ላይ በሰፊ ማሰሪያ እያጠበቀ «ረዳቴ ይኸውልዎት» አላት።

«ይሄ? አይናገር፣ አይቆጣ፤ ምኑን ረዳት ሆነው? በል እንግዲህ በደኅና አድርሰኝ። ፋሻው ሲነሣ መጀመሪያ የማየው የልጄን ልጆች ነው። እስከ ዛሬ ያየኋቸው በአንድ ዓይኔ ብቻ ነው።»

እስከ ተራሮቹ ድረስ ሰማዩ ክፍት ስለ ነበር ሰውየው ወንዙን እያየ በረረ። ታብሌቱ ባትሪው እንዳያልቅ ጨልሞ ነበር። ወደ ሜዳው ሲቃረቡ ደመናው ተዘግቶ ጠበቃቸው። ገቡበት። መጀመሪያ የክንፎቹ ጫፍ ጠፋ፣ ቀጥሎ ክንፎቹ ጠፉ። ሰውየው ታብሌቱን ነካ። ስክሪኑ በራ። ትንሿ አውሮፕላን መስመሩ አፍ ላይ ቆማለች፤ ልክ እሱ ባለበት። ደስ አለው። ጉዞውን ቀጥል የሚለውን ምልክት ነካ፤ ሄደች።

ስክሪኑ ጥግ ላይ በትንሽ ፊደል «ልምምድ» የሚል ቃል ተጽፎ ነበር። ማሰሪያው ሸፍኖታል።

እንደዚያን ቀን ያማረ አወራረድ አይቶ አያውቅም። ትንሿ አውሮፕላን የፀጉር ያህል እንኳ ከመስመሩ አትወጣም። ውጭ ዝናቡ መስተዋቱን ይገርፋል፤ ነፋሱ እሱን ወደ ግራ ይገፋዋል፤ እሷ ባለችበት ግን ነፋስ የለም። የእሱ አውሮፕላን ሲናጥ እሷ አትናጥም። «ዛሬስ እጄ ተባርኳል» አለ በልቡ። እሷ ዝቅ ስትል እሱም ዝቅ አለ።

ከዚያ ትንሿ አውሮፕላን አረፈች። ሜዳውን ይዛ ተንከባለለች፤ ቀስ ብላ ዞረች፤ እሱ ዘወትር በሚያቆምበት ጥግ ሄዳ ቆመች።

እሱ ገና ደመና ውስጥ ነው። ሞተሩ ይጮኻል።

ባልቴቷ ከኋላ አንገቷን አስግጋ በደኅናው ዓይኗ ስክሪኑን ተመለከተች።

«ደረስን እንዴ?»

ሰውየው በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከተ።

«ይኸው ቆመናል እኮ። ታዲያ ማነው የሚጮኸው?»

ሰውየው ለአፍታ፣ ሞቼ ይሆን ብሎ አሰበ። ምናልባት ቀደም ብለን ወድቀን ይሆናል፤ ምናልባት ይህ በመስኮቱ የማየው ነጭ ነገር ደመና አይደለም። ይህን ሐሳብ በቃል ሊያባርረው አልቻለም። ስለዚህ አንድ ነገር አደረገ፤ መሪውን ወደ ቀኝ አዘነበለ። ወንበሮቹ አብረው አዘነበሉ። ባልቴቷ «በማርያም!» ብላ ወንበሩን ጨመደደች። ትንሿ አውሮፕላን ግን ንቅንቅ አላለችም።

ያን ጊዜ ገባው። ይህን ሁሉ መንገድ የተከተላት እሷ እሱን አታውቀውም። እሱ ከገደል ጋር ቢላተም እንኳ እሷ ጥጓን ይዛ በሰላም ቆማ ትቀራለች።

እጁን ሰድዶ ወረቀቱን ገነጠለው። መርፌዋ ወደ ቀኝ ሸሽታ ከመስተዋቱ ጠርዝ ላይ ተጣብቃለች። ከመቼ ጀምሮ እንደዚያ ሆና ስትጠራው እንደ ቆየች የሚያውቅ የለም። ሰውየው ለሞተሩ ያለውን ጉልበት ሁሉ ሰጠው፤ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ቀና አደረገ፤ መርፌዋ ወደ ሸሸችበት ዞረ።

በግራ በኩል ደመናው ለአንድ ትንፋሽ ያህል ተቀደደ። ተራራው ወገብ ላይ ጎጆ ታየው። ጎጆው ከበታቹ አልነበረም፤ ከክንፉ ጋር እኩል ነበር። ደጃፉ ላይ አንድ ጋቢ የለበሰ ሰው ቆሟል። አብራሪውን ያየው ወደ ሰማይ አንጋጦ አይደለም፤ ጎረቤት ጎረቤቱን እንደሚያይ ፊት ለፊት ነው። እጁንም አላነሣም። ደመናው መልሶ ዘጋው።

ሰውየው ከተራሮቹ በላይ ከፍ ካለ በኋላ ታብሌቱን ፈትቶ በፊቱ ደፋው፤ ሁለተኛ ጊዜ የወረደው በመርፌዋ ነው። ይህኛው አወራረድ አላማረም። ቀኝ ስትለው ቀኝ፣ ግራ ስትለው ግራ እያለ፣ እየተነዘነዘ፣ እያላበው ወረደ። ከደመናው ሥር ሲወጣ ሜዳው ዝናብ ጠጥቶ ከፊቱ ተዘርግቶ አገኘው።

ባልቴቷ መሬት ስትረግጥ «ረዳትህ ቀድሞን ገብቷል መሰለኝ፤ ጓዜን ተቀብሎልኝ ይሆን?» አለችው። አልሳቀም። አውሮፕላኑንም ዘወትር በሚያቆምበት ጥግ አላቆመም። ቦታው ባዶ ነበር፤ እሱ ግን ተይዟል አለ።

መምህር ወልደሰንበት ይህን ተናግረው ወደ ተካልኝ ዞሩ።

«ልጄ፣ አብራሪው አንተ ነህ። ከኋላህ የተሳፈሩት ተማሪዎቹ ናቸው። ምክትልህ ክፉ ሰው ነው አላልኩም፤ ታብሌቱም ክፉ አልነበረም። ግን የሚያሳይህ አንተ ራስህ መሬት ላይ ተቀምጠህ ያለምከውን ነው፤ ነፋሱ ዛሬ የት እንዳደረሰህ አያውቅም። መምህርቷም ምንጊዜም ልክ ናት አልልህም፤ መርፌም ትበላሻለች። ብቻ ወረቀት ከመለጠፍህ በፊት ክንፍህን አዘንብል። ስሕተት መሆኑን አንተ ራስህ የምታውቀውን አንድ ነገር ስብሰባ ላይ ተናገርና ዙሪያህን ተመልከት። አንተ ስትስት የማይደነግጥ ሰው ካንተ ጋር አልተሳፈረም።»



«ሳላውቅ አዘንብያለሁ፣ መምህር» አለ ተካልኝ። «ባለፈው ስብሰባ የፈተናውን ቀን ተሳስቼ በበዓል ላይ ጣልኩት። ሁሉም ራሳቸውን በእሺታ እየነቀነቁ ቀኑን ጻፉ።»

«እሷስ?»

«እሷማ ተነሥታ ጮኸች። እኔም አስቀመጥኳት።»

«እንግዲያው ወደ ግራህ እይ» አሉት። «ጎጆው ከክንፍህ ጋር እኩል ነው።»