የፊታውራሪ እንግዳሸት የወይን ጠጅ መቅመሻ ቤት

ፊታውራሪ እንግዳሸት ወይን አስተከሉና፣ ገና ፍሬው ሳይበስል ለእንግዶቻቸው ጠጁን የሚያስቀምሱበት ቤት አማራቸው። ምላሱ የማያርፍ አንድ ግንበኛ አስጠሩ።

«ቤቱ ከኮረብታው ጋር የተስማማ ይሁን» አሉት። «ከመሬቱ ጋር የማይሄድ አንዲት ነገር ካየሁ፣ ጀርባህን በጅራፍ ነው የማስልጠው!»

ግንበኛው ጅራፏን እያሰበ ኮረብታውን ከጎኑ ቆፈረና ቤቱን እዚያ ውስጥ አስገባው። በዚያው በኮረብታው ድንጋይ ገነባው፤ ጣራውንም አፈር አልብሶ ሣር አበቀለበት።

በምረቃው ቀን ፊታውራሪ ቀይ ካባ ደርበው፣ በቅሎ ተቀምጠው፣ በወርቅ የተጠለፈ ጃንጥላ አስይዘው፣ እምቢልታ እያስነፉ፣ መኳንንቱን አስከትለው ከላይ በኩል መጡ። ወዲያ ቢያዩ ቤት የለም፤ ወዲህ ቢያዩ የለም። በቅሏቸው ግን አንገቷን ደፍታ ሣሯን ትግጣለች።

«የታለ ቤቴ?» ብለው ጮኹ።

ግንበኛው ከበቅሎዋ እግር ሥር ካለው በር ብቅ አለ። «ጌታዬ፣ በቅሎዎ ጣራውን እየበላችው ነው።»

መኳንንቱ ሳቃቸውን በኩታቸው አፈኑ። የፊታውራሪ ፊት ከካባቸው ብሶ ቀላ። ወዲያው ጅራፍ አስመጡ።

«በል፣ እዚህ ኮረብታ ላይ ከመሬቱ ጋር የማይሄድ ነገር አንድም የለም ብለህ በእነዚህ ሰዎች ፊት ማል! አንዲት ካገኘሁ ግን ወዮልህ!»

ግንበኛው ካባውን አየ፤ ጃንጥላውን አየ፤ የእምቢልታ ነፊዎቹን የተነፋ ጉንጭ አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ።

«አልምልም ጌታዬ» አለ። «እርስዎ እስኪመጡ ድረስ ግን አንድም አልነበረም።»