ተሸላሚው ኩሽና

ሰው ተረት ሲጠቅስ ከሰማይ የወረደ ይመስለዋል። ከየተረቱ ጀርባ ግን ወይ አንድ የጠገበ ሰው ወይ አንድ የተራበ ሰው አይጠፋም። የሽንኩርት ተራ ሰዎች፣ ምንም ሳይሠራ በንጽሕናው የሚኮራ ሰው ሲገጥማቸው ጣል የሚያደርጓት አንዲት አባባል አለች። ከእሷ ጀርባ ደግሞ ሁለቱም አሉ፤ የጠገቡትም፣ የተራቡትም።

በሽንኩርት ተራ ጧሪ ቀባሪ የሌላቸው አረጋውያን ምሳ የሚበሉበት አንድ ቤት አለ። ወጡን የሚሠሩት እትዬ ማንያህልሻል ናቸው። ኩሽናው ጥቁር ነው፤ ግድግዳው ጥቁር፣ ጣሪያው ጥቁር፣ ትልቁ ድስትማ ከጉልቻው አይለይም። በየቀኑ ሽሮ የሚንተከተክበት ቤት ሌላ ምን ሊመስል ይችላል? ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነጭ ሆኖ ነበር። እሱን ነው የምነግራችሁ።

የቤቱ ሥራ አስኪያጅ አቶ ልሳነወርቅ ይባሉ ነበር። ሰውየው በእናት ጡት ሳይሆን በስብሰባ ያደጉ ናቸው። ሽሮ ሲያልቅ «የአቅርቦት ክፍተት» ይላሉ፤ ሽሮ ሲቀጥን ደግሞ «የተሻሻለ የሀብት አጠቃቀም»። በአንደኛውም በሌላኛውም ቀን የእሳቸው ምሳ ከሆቴል ነበር የሚመጣው፤ የድሆችን ድርሻ መንካት አይወዱም።

ታዲያ አንድ ቀን፣ በበጎ አድራጎት አመራርና አስተዳደር ብልጫ ላሳዩ ሰዎች ዋንጫና ካባ ሊሸለም ነው፣ ገምጋሚዎችም በየቤቱ ሊዞሩ ነው ተባለ። አቶ ልሳነወርቅ ይህን እንደሰሙ ኩሽናውን በኖራ አስቀቡት። ድስቱን በአመድና በሎሚ አስፈተጉት። ከዚያም የማገዶውን ቤት ቆልፈው ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ።

«ጋሼ፣ ምሳውስ?» አሏቸው እትዬ ማንያህልሻል።

«እትዬ፣ አንዲት ጭስ የስንት ቀን ሥራ ታበላሻለች።»

«ጭሱ አይደል እንዴ ሥራው? ሽማግሌዎቹን ምን ልበላቸው?»

አቶ ልሳነወርቅ ጥቂት አሰቡና፣ «ጾም ነው በሏቸው» አሉ።

ፋሲካ ካለፈ ገና ሁለት ሳምንቱ ነበር። በዓለ ሃምሳ ላይ እንኳን ሌላው ቀን ረቡዕና ዓርብም እንደማይጾም በሽንኩርት ተራ ፍየሉም ያውቃል። ከአረጋውያኑ መካከል ሙስሊሞቹም «ረመዳን ሳናውቅ ገባ እንዴ?» ተባባሉ። በመጨረሻ የድሮው ግንበኛ አባባ ቢያድግልኝ ዱላቸውን ተደግፈው ቢሮ ገቡ።

«ልጄ፣ በዓለ ሃምሳ ላይ ይህ የምን ጾም ነው?»

«የአስተዳደር ጾም ነው፣ አባባ።»

«እሺ፣ መቼ ነው የሚፈታው?»

«ዋንጫው በመጣ ማግሥት እሳት ይነዳል። ቃሌ ነው።»

እስከዚያው ቆሎ ይታደል ተባለ። ጥርስ ላላቸው ታደለ፤ ጥርስ ለሌላቸውም ታደለ። በእኩልነት በኩል አቶ ልሳነወርቅ አይታሙም። ከአረጋውያኑ አንዷ እማማ ድንቄ ግን በቀን የሚቀምሱት ያችኑ ምሳ ብቻ ስለነበር ከመደባቸው መነሳት አቃታቸው። እትዬ ማንያህልሻል ከቤታቸው አጥሚት በቴርሞስ ደብቀው እያመጡ ባያጠጧቸው ኖሮ፣ ዋንጫው ለቀብር ይደርስ ነበር። ይህንን ሳስበው እስካሁን ያንገበግበኛል።

ገምጋሚዎቹ መጡ። ሰብሳቢያቸው ነጭ መሐረብ አውጥተው የድስቱን ቂጥ ጠረጉ። መሐረቡ እንደነጣ ተመለሰ።

«ይህን ሁሉ ሰው የሚመግብ ድስት፣ እንዴት አንዲት ጥላሸት እንኳ አይኖርበትም?»

«አመራር ነው» አሉ አቶ ልሳነወርቅ አንገታቸውን ደፋ አድርገው።

ገምጋሚዎቹ ተያይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ድስቱን ያላደነቀ አልነበረም። ምድጃው ይሞቅ እንደሆነ እጁን ሰደድ ያደረገ ግን አንድም አልተገኘ።

የሽልማቱ ዕለት አረጋውያኑ በአውቶቡስ ተጭነው አዳራሽ ገቡ። «ተጠቃሚዎች» ተብለው ከፊት ተደረደሩ፤ እማማ ድንቄም ተደግፈው መጥተዋል። አቶ ልሳነወርቅ ምስክርነት እንዲሰጡ የመረጡት አባባ ቢያድግልኝን ነበር፤ የሚሉትንም አስጠንተዋቸዋል፦ «በእሳቸው አመራር ጠግበን እናድራለን።» አባባ በሆዳቸው ቢስቁም እሺ ብለው ነበር። እሳቱ ነገ ይንደድ እንጂ አንድ ቀን ቢዋሽ ምን አለበት?

ስማቸው ተጠራ፤ አቶ ልሳነወርቅ ካባውን ደረቡ፤ ዋንጫውን አቀፉ። ከዚያ በጭብጨባው ሞቅ አላቸውና ማይክሮፎኑን ጨበጡ።

«ክቡራን እንግዶች፣ ኩሽናችን ከየከተማው ለሚመጡ ጎብኚዎች አርአያ እንዲሆን ተወስኗል። ስለዚህ ቃል እገባላችኋለሁ፤ ገምጋሚዎቹ ባዩት ንጽሕና፣ ምንም ሳይነካ፣ እንዳለ እንጠብቀዋለን።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ከፊት የተቀመጡት ግን እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ቀረ።

«እሳቱ አይነድም ማለቱ ነው?» ሲሉ እማማ ድንቄ ጠየቁ።

ሰብሳቢው ፈገግ ብለው ወደ አባባ ቢያድግልኝ ዞሩ። «አባባ፣ እኔ ብዙ ኩሽና ዞሬ አይቻለሁ። ጥላሸት የሌለበት ድስት ግን የእናንተን ብቻ ነው ያየሁት። እስቲ ምስጢሩን እርስዎ ይንገሩን።»

አባባ ቢያድግልኝ በዱላቸው ተደግፈው ተነሱ። ካባውን አዩ፤ ዋንጫውን አዩ፤ ዞር ብለውም እማማ ድንቄን አዩ። የተጠናውም ንግግር ከአፋቸው ጠፋ።

«ምስጢርስ የለውም፣ ጌታዬ» አሉ፤ «እሳት ያልነካው ድስት፣ ከየት ያመጣል ጥላሸት።»