ሐዘንተኛ የሌለበት ድንኳን

አንዲት ሴት ነበረች። ያደገችው መሀል ከተማ፣ ጭቃ ቤቶች ተደጋግፈው በቆሙበት ሰፈር ነው። እዚያ አንዱ ቢያስነጥስ ከግድግዳው ወዲያ «ይማርህ» የሚል አይታጣም። ወጥ ቢያርርባችሁ እንኳ ሰፈሩ ያውቃል። ወሬው አማረራት። ሰፈሩ ፈርሶ ዳር ከተማ ኮንዶሚኒየም ሲደርሳት «እፎይ! ከሰው ዓይን ተገላገልሁ» አለች።

እውነትም ተገላገለች። በሩ ብረት፣ ደረጃው ጭር ያለ። ፊት ለፊቷ የሚኖረውን ሰው በሳሉ ታውቀዋለች፤ በቁልፉ ድምፅ ታውቀዋለች። ከዚያ ሌላ ምንም።

አንድ ቀን ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተከለ። የሞተው እሱ ነው አሏት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ሄደችና አንድ ሽማግሌ አጠገብ ተቀመጠች።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት አባቴ። ልጅዎ ነበር?»

«ኧረ እኔ የሦስተኛው ፎቅ ነኝ! እኔስ አንቺን እኅቱ ብዬሽ ነው።»

ዞር ዞር ብለው አዩ። ድንኳኑ ሙሉ ነው። ሁሉም አንገቱን ደፍቷል፤ ሁሉም እርስ በርሱ «ያጽናህ፣ ያጽናሽ» ይባባላል። ሐዘንተኛው የቱ ጋ ነው? አንድም የለም!

ቄሱ ለፍትሐት መጡ። «የክርስትና ስሙን ማን ልበል?»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ።

«እሺ፣ የዓለም ስሙንስ?»

የሁሉም ዓይን ወደ እሷ ዞረ። ሸራው በነፋስ ይርገበገባል።

«የፊት ለፊቱ ጎረቤት አንቺ ነሽ አሉ። ንገሪኝ እንጂ ልጄ!»

አፏን ከፈተች። ምን ትበል? ሳሉን ትንገራቸው? ቄሱም «ስሙን አንተ የምታውቀው» ብለው ጸለዩለት፤ ሰውዬው እንዲሁ ተቀበረ።

ስትመለስ የሟቹን የብረት በር ተዘግቶ አየችው። ያን ጊዜ ፍርሃት ገባት። ብቻዋን ነው የምትኖረው። እኔስ ብሞት ስሜን ማን ይናገራል? ሮጣ ወርዳ ከታች ያለውን በር ደበደበች።

«ወለተ ሰንበት እባላለሁ! የክርስትና ስሜ ነው፤ እባካችሁ ያዙልኝ!»

በሩ አልተከፈተም። ከውስጥ ድምፅ ብቻ መጣ። «አንገዛም! ሂጂ!»

ምእመናን፣ ያን ድምፅ አላወቃችሁትም? የማን ነው? የእኔም የእናንተም ነው! የጭቃውን ሰፈር ወሬኛ ብለን አማነው። እሱ ግን የሞተበትን በስሙ ጠርቶ ያለቅስ ነበር። «ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ» ተብለናል። ስሙን እንኳ ያልጠየቅነውን መቼ ነው የወደድነው?

ዛሬ ስትመለሱ ፊት ለፊታችሁ ያለውን በር አንኳኩ። «አንገዛም» ቢሏችሁም ቁሙ። ስማችሁን ሳትነግሩ፣ ስማቸውን ሳትሰሙ ቤታችሁ አትግቡ።